ከኮረሪማው በላይ የተቀመጠው መጽሐፍ

መቐለ፣ ሓወልቲ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ በምትታጠፈው ቅያስ ላይ አንዲት ጠባብ የቅመም ሱቅ አለች። ደጃፏ ላይ የበርበሬ ከረጢት፣ ከጎኑ ጥቁር አዝሙድ፣ ወደ ውስጥ ደግሞ እርድና ቁንዶ በርበሬ። መንገደኛ ሳያስነጥስ አያልፋትም። ባለሱቋ ጁዋይሪያ ትባላለች። ገና ልጅ ሳለች ከታላቅ ወንድሟ ከሐቢብ ጋር ከወሎ፣ ከሐርቡ አጠገብ ካለ መንደር መጥታ መቐለ ላይ ያደገች፣ ትግርኛዋ የከተማው፣ አማርኛዋ የአባቷ አገር የሆነ ሴት ናት። እስከዚህ ድረስ እንደ እሷ ያለ ሰው በየቅያሱ ሞልቷል።

ግን ይህቺ ሴት ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል፣ ጃፓንኛ ታነባለች! ከስልክ የተለቀመ ሰላምታ ማለቴ አይደለም። መጽሐፍ! ጃፓናዊ ለጃፓናውያን የጻፈው፣ ቃሉ ከላይ ወደ ታች እንደ ዝናብ የሚወርድበት መጽሐፍ! ይህን መጀመሪያ የሰማሁ ቀን የከፈልኩበትን ኮረሪማ እዚያው ረስቼ ወጥቻለሁ።

ነገሩ የመጣው በግቢው በኩል ነው። ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ዩኪኮ የምትባል ወጣት ጃፓናዊት ክፍል ተከራይታ ነበር። በጎ ፈቃደኛ ሆና መጥታ በአካባቢው ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። ከሥራ ስትመለስ በርጩማ ስባ ሱቁ ውስጥ ትቀመጥና በጣቷ እያመለከተች ትጠይቃለች።

«ይሄ?»

«አብሽ።»

«ይሄስ?»

«እሱም አብሽ ነው፤ የተፈጨ ነው።»

ጁዋይሪያ ደግሞ በተራዋ ሚዛኑን፣ ከረጢቱን፣ በሩን እያሳየች በጃፓንኛ ምን እንደሚባሉ ትጠይቃለች። ከዚያ ፊደሉ መጣ። መጠቅለያ ወረቀት ላይ ሲጽፉ፣ አንዳንዱ ደንበኛ የሥጋ ቅመሙን በጃፓን ፊደል ተጠቅልሎ ወደ ቤቱ ወሰደ። የዩኪኮ ባልደረባ፣ ከደብረ ብርሃን የመጣው የፊዚክስ መምህር ሔሩይም ሲያይ ቀናና ሦስተኛ ተማሪ ሆነ። እሱ ደግሞ ነገር በሥርዐት ካልሆነ ደስ አይለውም፤ ለእያንዳንዱ ትምህርት ፕሮግራም ያወጣል።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት የዩኪኮ የአገልግሎት ጊዜ አለቀ። ስትሄድ በሁለት ቅጽ የተዘጋጀ የጃፓንኛ መማሪያ ለጁዋይሪያ ተወችላት። በላዩ ላይ ግራጫ የጨርቅ ሽፋን ያለው ቀጭን መጽሐፍ አስቀመጠች።

«አባቴ ነው የጻፈው» አለች። «አገራችን ውስጥ፣ ከባሕሩ ጠረፍ ባለች ትንሽ ከተማ አውቶቡስ ነጂ ነበር። ከመሞቱ በፊት በራሱ ወጪ አሳተመው። ስታነቢው ምን እንዳለ ንገሪኝ።»

«ፈተና መሆኑ ነው?» አለች ጁዋይሪያ።

ዩኪኮ ወደ ሻንጣዋ ዞራ ዚፑን እየታገለች፣ «አዎ» አለች፣ «ፈተና ነው።»

መጽሐፉ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከኮረሪማው ጣሳ በላይ ተቀመጠ። ጁዋይሪያ በየሳምንቱ አቧራውን ትጠርጋለች። አንድ ቀን ገለጥ አድርጋ፣ ከጥራዙ ጋር የተሰፋች፣ በገጾቹ መሀል የተኛች ቀጭን ቀይ የገጽ ማመልከቻ ክር አየች። ክሯ ከመቆየቷ የተነሣ ወረቀቱ ላይ መልኳን አትማለች። ሌላ ምልክት የለም፤ የታጠፈ ጥግ፣ የጣት እድፍ፣ ምንም። «እንዴት ያለች ጥንቁቅ አንባቢ ናት!» ብላ ተደነቀችና መልሳ ዘጋችው። ለማንበብ ገና ነበረች።

ታዲያ ለማንበብ የምትደርሰው መቼ ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፈሩ ጥያቄ ይህ ሆነ። ሔሩይ መልሱን ያውቀዋል፤ «ሁለተኛውን ቅጽ ሳትጨርሺ እንዳትነኪው!» ሐቢብም ያውቀዋል፤ «ሽንኩርቱ ሲረክስ።» እሷ ግን ሁለተኛውን ቅጽ መጨረስ አልቻለችም። ስንፍና እንዳይመስላችሁ። አባቷ የመንደሩ የቁርአን አስተማሪ ነበሩ። እሳቸው ዘንድ ልጅ ትምህርቱን ሉህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ እስኪያንበለብለው ድረስ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ከዚያ ሰሌዳው ይታጠብና አዲስ ይጻፍበታል። አንዲት ስሕተት ካለች ግን ማጠብ የለም። «ከመጀመሪያው!» ይላሉ። ጁዋይሪያ ይህን ሕግ ሳታውቀው ለጃፓንኛ አወረሰችው። መልመጃ ላይ በተሳሳተች ቁጥር ወደ መጀመሪያው ትምህርት ትመለሳለች። አንደኛውን ቅጽ ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ ተመላልሳበታለች። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያሉትን ገጸ ባሕርያት ከገዛ የአክስቶቿ ልጆች በላይ ታውቃቸዋለች።

በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ስልኳ ላይ መልእክት ገባ። ዩኪኮ ናት፤ ጥር ላይ ለጥቂት ቀናት መቐለ እመጣለሁ ትላለች። ጁዋይሪያ ከደስታዋ ብዛት እልል ብላ ሐቢብን አስደነገጠችው። ከመልእክቱ ሥር ግን አንድ መስመር ነበረች።

«አባቴ እንዴት ነው?»

ጁዋይሪያ ቀና ብላ ከኮረሪማው በላይ አየች። ደህና ነው፣ ተቀምጧል፣ ማን ሊያናግረው! እንግዳ ቤትሽ ሁለት ዓመት ተቀምጦ አንድ ቀን እንኳ አፉን አላስከፈትሽውም። ዩኪኮ ስትመጣ ምን ልትላት ነው?

በዚያው ከሰዓት በኋላ መጽሐፉን አወረደችው። ሔሩይም ነበር፣ ሐቢብም። ሔሩይ ተቀበላትና እንደለመደው ከግራ ገለጠው። የመጨረሻው ገጽ ሆነ።

«ተገልብጦ ነው የተጠረዘው» አለ።

«ስጠኝ እስቲ» ብላ ጁዋይሪያ አዞረችው። በቀኝ በኩል ስትከፍተው የመጀመሪያው ገጽ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

«ሱብሐነላህ!» አለ ሐቢብ። «ይሄማ እንደኛ ቁርአን በቀኝ ነው የሚከፈተው!»

ልቧ እንዴት እንደዘለለ! የመማሪያ መጽሐፉ በግራ ነበር የሚከፈተው፤ እውነተኛው የጃፓን መጽሐፍ ግን እጇ ከልጅነት በሚያውቀው በር ገባ። በላዩ ላይ ሌላ ደስታ። ነጂው ደግ ሰው ኖሯል፤ ከከባዶቹ ፊደላት ጎን ድምፃቸውን የሚናገሩ ትናንሽ ፊደላት አስቀምጧል። አውቶቡሱ ላይ የሚሳፈሩ የትምህርት ቤት ልጆችም እንዲያነቡት ሳይሆን አይቀርም።

ደስታው ግን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ አልቆየም። እያንዳንዱን ቃል በስልኳ መዝገበ ቃላት ትፈልጋለች፣ ትጽፋለች፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች፤ ሁለተኛው ጋ ስትደርስ የመጀመሪያው ጠፍቷል። ምስር እንደ መልቀም ነበር፤ ድንጋይ ስትለቅም፣ ስትለቅም፣ በመጨረሻ ሰፌዱ ላይ ምስር የለም። አንድ ገጽ አንድ ሳምንት ፈጀባት፤ ሲያልቅ ነጂው ምን እንዳለ አንድ ነገር መናገር አልቻለችም።

«አልደርስም» አለችው ሔሩይን፣ ሩብ ኪሎ በርበሬ እየመዘነችለት። «ተመልሼ ከአንደኛው ቅጽ ልጀምር ነው።»

«አሁንም?»

«ምን ላድርግ? አባባ ቢሆኑ ሳይገባኝ ሉሁን አያሳጥቡኝም ነበር።»

«ሲገባሽ ነበር እንዴ የሚያሳጥቡሽ?» አለ ሔሩይ ለቀልድ ያህል። «ያኔ ዐረብኛ ታውቂ ነበር?»

ጁዋይሪያ ቆመች። ማንኪያው እጇ ላይ ነው፤ በርበሬው ከሩብ አልፎ፣ ከግማሽ አልፎ፣ ከሚዛኑ ሳህን መፍሰስ ጀመረ።

«ኧረ ሴትዮ፣ በርበሬው!»

«አንድም ቃል!» አለች። «ሔሩይ፣ አንድም ቃል አላውቅም ነበር! ሙሉውን ቁርአን ያኸተምኩ ቀን በግ ታርዶልኛል፣ ሰፈሩ መርቆኛል፣ ምን እንዳነበብኩ ግን አንድም ቃል አይገባኝም ነበር! አባባ ምላሴን ነበር የሚያርሙት። ትርጉሙ ኋላ ነው የመጣው፣ ቀስ እያለ!»

ሔሩይ የበርበሬውን ፌስታል ይዞ ቀረ። «እኔም እኮ» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «የኔታ ፊት ዳዊት ስደግም ግዕዝ የሚባል ነገር አልገባኝም። የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ እወጣው ነበር። ዘንድሮ አንዳንዱ መስመር መንገድ ላይ ስሄድ ድንገት ይገባኛል። ብቻዬን እስቃለሁ።» ከዚያ ደንገጥ አለ። «ሁለተኛውን ቅጽ ተይው ማለቴ ግን አይደለም!»

«ሰምቼሃለሁ» አለች፤ ሱቁን ለሐቢብ ጥላ ወጥታ ነበር።

የአናጺው የኣታኽልቲ ቤት ከሁለት ቅያስ በኋላ ነው። ቁመቱን በክንዷ፣ ስፋቱን በስንዝሯ አሳየችው፤ ከላይ እጀታ እንዲኖረው፣ ፊቱ እንደ መስታወት እንዲለሰልስ ነገረችው።

«ጁዋይሪያ ሓፍተይ» አለ፣ «ይሄ ለሽንኩርት መክተፊያ በጣም ረዥም ነው።»

«ለሽንኩርት አይደለም።»

«ለሥጋ?»

«ለጃፓንኛ።»

ኣታኽልቲ ከጆሮው ኋላ እርሳሱን አውጥቶ ጣውላውን አየ፣ እሷን አየ። «ጃፓን ማኪና ትሠራለች ሲሉ እሰማለሁ፤ መክተፊያ አጥታለች ሲሉ ግን አልሰማሁም» ብሎ ላገው።

ሐቢብ ሰሌዳውን ሲያይ አልሳቀም። «አስተግፊሩላህ! በሉህ ላይ የአውቶቡስ ወሬ ልትጽፊ?»

«የአባባ ሉህ ግድግዳው ላይ ነው፣ አልነካሁትም። ይሄ ጣውላ ነው።»

«ጣውላ ከሆነ ቁጭ በይበት እንግዲህ።»

«ጣውላ ከሆነ አንተን ምን አገባህ እንግዲህ?»

ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፋቀች፣ በሙጫና በውኃ በጠበጠች፣ ከሸምበቆ ብርዕ ቀረጸች። የመጀመሪያውን ገጽ ከላይ ወደ ታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ ጻፈችው። ከዙሁር ሶላት በኋላ ገበያው ሲበርድ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፣ ሰሌዳውን ጉልበቷ ላይ አቆመች፣ እንደ ልጅነቷ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘች ጮክ ብላ ጀመረች።

«አሳ፣ ኡሚ ጋ ሚዬታ።»

መዝገበ ቃላት የለም፤ ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ትርጉም አትጠይቅም፤ ምላሷን ብቻ ታርማለች። ስትደናቀፍ ከመጀመሪያው ትመለሳለች፤ ይህ ሕግ አሁን ትክክለኛ ቦታውን አግኝቷል። ኮረሪማ የሚገዛ ቆሞ ይሰማል። አንዷ ደንበኛ ሐቢብን በሹክሹክታ «ደህና ናት?» ብላዋለች።

«ዓሣ ስለሚባል ነገር ነው» አለ ሐቢብ። «ጠዋት ማታ ዓሣ፣ ዓሣ ትላለች። እኔ በሕይወቴ ዓሣ አልበላሁም፤ አሁን አማረኝ።»

በማግስቱ ይሁን በሠልስቱ፣ ጁዋይሪያ ደንበኛ እየሸኘች መስመሯን በአፏ እያመላለሰች ሳለ፣ ነገሩ ሆነ። አሳ፤ ጠዋት። ኡሚ፤ ባሕር። ሚዬታ፤ ታየ። እነዚህን ቃላት አንድ በአንድ ከድሮ ታውቃቸው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አብረው ተነሥተው ቆሙ። ጠዋት፣ ባሕሩ ታየ! ማንም አልተረጎመላትም። ባሕር አይታ የማታውቅ ሴት፣ ከበርበሬ ከረጢት አጠገብ ቆማ፣ በአንድ የሞተ ሰው አውቶቡስ መስኮት ባሕር አየች! ጮኸች። ሐቢብ ሌባ መስሎት ዱላ ይዞ ወጣ።

«ገባኝ! ሐቢብዬ፣ ገባኝ! ዓሣ አይደለም፣ ጠዋት ነው!»

«ከሰዓት ነው» አለ ሐቢብ፣ ዱላውን አስደግፎ።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት! ሰሌዳው እየታጠበ፣ ፀሐይ ላይ እየደረቀ፣ ገጽ በገጽ ላይ ሄደ። ሁሉም አልገባትም። የባሕር ወፍ ይሁን የመርከብ ዐይነት ያልለየችው ነገር አለ፤ ትታው ታልፋለች፤ ሦስት ገጽ ቆይቶ ክንፉን ሲዘረጋ ወፍ መሆኑን ታውቃለች። ቁልፍ የሆነ ቃል ሲገጥማት ብቻ መሳቢያውን ትከፍታለች። ሔሩይ በየሳምንቱ እየመጣ ጆሮውን ይሰጣል፤ ስትደናቀፍ «ከመጀመሪያው!» ለማለት ካለው ጉጉት የተነሣ አንዳንዴ ሳትደናቀፍም ይላታል። ደግሞ ያ ነጂ እንዴት ያለ ሰው ነው! ተሳፋሪዎቹን በሳላቸው ይለያቸዋል። ስለ ዝናብ ሲያወራ መቐለ ላይ ሐምሌ የገባ ይመስላል።

ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ዩኪኮ መጣች። ሱቁ በር ላይ «ከመይ ቀኒኺ!» ብላ በትግርኛ ሰላም ስትላት ጁዋይሪያ ከነሚዛኑ ተነሣች። ተቃቀፉ፣ ተላቀቁ፣ ደግመው ተቃቀፉ፤ ሁለቱም አስነጠሱ። ዩኪኮ የድሮ በርጩማዋን ስባ ተቀመጠች። ዓይኗ ከኮረሪማው በላይ ወጣ። መጽሐፉ እዚያ አልነበረም።

«አባቴስ?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ጁዋይሪያ መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች። «አልጨረስኩትም፤ መሀሉን አልፌያለሁ። ፈተናውን ወድቄያለሁ መሰለኝ።» ከመሳቢያው ግራጫውን መጽሐፍ አወጣች። ያነበበችበትን በከረሜላ ወረቀት አመልክታለች፤ ቀዩዋን ክር ከቦታዋ አላነቃነቀቻትም። ከዚያ ሰሌዳውን ጉልበቷ ላይ አቆመች። የዚያን ሳምንት ገጽ ነበር። ተወዛወዘች፣ አነበበች፤ አንድም ቦታ ሳትደናቀፍ። ሐቢብና ሔሩይም እንዲገባቸው መልሳ በአማርኛ አለችው።

«ከሦስተኛው ፌርማታ ቀይ ቦርሳ ያዘለች ልጅ ትሳፈራለች። ዝናብ ሲዘንብ እዚያ ጋ ውኃ ይቋጠራል። ስለዚህ አውቶቡሱን ትንሽ አሳልፌ አቆመዋለሁ። ሰው ፍሬን አያያዝ አይችልም ይላል። ልጅቷም እንደዚያው ትላለች። ጫማዋ ደረቅ ነው።»

ዩኪኮ ሁለት እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

«አንቺማ ታውቂዋለሽ» አለች ጁዋይሪያ።

«አላውቀውም።»

«እንዴት?»

«አላነበብኩትም። አንድም ገጽ አላነበብኩም።» ድምፅዋ ተሰባበረ፤ ፊቷ ግን በማልቀስና በመሳቅ መሐል ነበር። «ቀይ ቦርሳ የእኔ ነው። ቤት ስንገባ ፍሬን አትችልም እያልኩ እስቅበት ነበር። እሱም አብሮኝ ይስቅ ነበር። ለምን እንደሚያሳልፍ አልነገረኝም!»

ጁዋይሪያ የክሯን መልክ አስታወሰች፤ ወረቀቱ ላይ የታተመውን። ከማተሚያ ቤት እንደወጣች የተኛች ክር። ጥንቁቅ አንባቢ!

«ስታነቢው ምን እንዳለ ንገሪኝ ብዬሽ ነበር» አለች ዩኪኮ።

«ፈተና መስሎኝ!»

«ካነበብኩት የሚነግረኝ ነገር ያልቃል ብዬ ፈራሁ። ሁልጊዜ ገና ነኝ፣ ገና አልደረስኩም፣ እላለሁ።»

ሔሩይ መነጽሩን ይጠርጋል። ጁዋይሪያ ግን ተነሣች፤ አቋቋሟ ድንገት ተለወጠ፤ ሰሌዳውን አንሥታ ዩኪኮ ጉልበት ላይ አቆመችው።

«አንብቢ።»

ዩኪኮ በዓይኗ መስመሮቹን ወደ ታች መከተል ጀመረች።

«በዓይን አይደለም። በአፍ።»

ጀመረች። ውኃው ጋ ደርሳ ድምፅዋ ተያዘ፤ ቃሏ ተሳሳተ።

«ከመጀመሪያው» አለች ጁዋይሪያ።

«ጁዋይሪያ፣ ቋንቋው የእኔ እኮ ነው!»

«ከመጀመሪያው።»

«ቁርጥ አባባን!» አለ ሐቢብ ከበሩ።

ደግማ ጀመረች። አሁን ፍሬኑ ጋ ሳቅ ያዛት፤ ሔሩይ ማንም ሳይቀድመው «ከመጀመሪያው!» ብሎ ጮኸ። በሦስተኛው ላይ ድምፅዋ ረጋ፣ ወገቧም ሳታውቀው ወደ ፊትና ወደ ኋላ መወዛወዝ ጀመረ፣ እስከ ደረቁ ጫማ ድረስ ሳትደናቀፍ ወረደች። ጁዋይሪያ ሰሌዳውን ተቀብላ በጓሮ በር ወደ ግቢው ወጣች፤ በንጹሕ ውኃ አጠበችው፤ እጣቢውን እግር በማይረግጠው ቦታ፣ ከሎሚው ዛፍ ሥር አፈሰሰችው። ዩኪኮ መጽሐፉን ይዛ ተከትላት ነበር።

«ሲደርቅስ?» አለች፣ ፀሐይ ላይ የተደገፈውን ሰሌዳ እያየች።

«የሚቀጥለው ገጽ። ብርዑን አንቺ ነሽ የምትይዢው።»

ዩኪኮ መጽሐፉን በቀኝ በኩል ከፈተችው። የከረሜላውን ወረቀት አነሣችና ለጁዋይሪያ ሰጠቻት። ከዚያ ቀዩዋን ክር ከተኛችበት ቀስ ብላ ሳበቻት፣ የሚቀጥለው ገጽ ላይም አስተኛቻት።